በድሬ አቧራ፣ የሥጋ ደዌ የነካውን ዓይን መጠበቅ

ድሬ ላይ አቧራ ዓይኑ የገባበት ሰው ያሻል፣ ያነባል፣ ይገላገላል። የሥጋ ደዌ ነርቩን የነካበት ሰው ግን አሸዋ ገብቶም ላይሰማው ይችላል። ሕመሙ የዓይን ቆብን የሚዘጋውን ነርቭ ያደክምና ዓይን አልገጥም ይላል፤ ለጥቁሩ የዓይን ክፍል ስሜት የሚሰጠውንም ነርቭ ያደነዝዛል። ያልተዘጋ ዓይን ይደርቃል፣ ይጫጫራል፣ ይቆስላል፣ ባለቤቱ ግን ምንም ስላላመመው ከፊራ ሲገበያይ ይውላል። ስለዚህ እስኪያማችሁ አትጠብቁ። መስታወት ያዙ።

ጠዋት ፊታችሁን ከታጠባችሁ በኋላ ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሙ። ዓይናችሁ ቀልቷል? ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ አለ? ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ይነካዋል? ከዚያ ልክ እንደምትተኙ ቀስ ብላችሁ ጨፍኑና የቤት ሰው ክፍተት ካለ ይይላችሁ፤ ጨፍኖ ራስን ማየት አይቻልማ! እንቅልፍ ከወሰዳችሁ በኋላም አንዴ ይዩላችሁ፤ ቀን የሚገጥም ዓይን ሌሊት ገርበብ ብሎ ሊያድር ይችላል።

ቀን ቀን አስባችሁ ጨፍኑ። የኔ ምክር፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንዴ ጠበቅ አድርጎ መጨፈን ነው። ድሬ ውስጥ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ስትወጡ መነጽርና ጥላ ያለው ኮፍያ አድርጉ። ዓይናችሁን በእጅ አትሹ፣ በተለይ እጃችሁም ከደነዘዘ፤ ጥፍር ቢጭረው አታውቁትም። ማታ ሐኪም ያዘዘውን ቅባት ተቀብታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ተኙ። ቀን ለድርቀት ሰው ሠራሽ እንባ አለ። ጎረቤት የሰጣችሁን ጠብታ ግን ተዉት፤ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚቀንስ መድኃኒት) ካለበት ቁስሉን ያባብሰዋል።

ዓይን ከቀላ፣ ብርሃን ካስቸገረው ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሕክምና ሂዱ። አልገጥም ማለት ከጀመረ ገና 6 ወር ካልሞላው በሐኪም ክትትል በሚወሰድ፣ ፕሬድኒሶሎን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ቆየት ያለውን ደግሞ በቀዶ ሕክምና ያስተካክሉታል። ሐረር አጠገብ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል ከመነሻው የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው፣ በዚያ በኩል ያላችሁ እሱን ጠይቁ።

ለሥጋ ደዌው የሚሰጠውን የ6 ወይም የ12 ወር መድኃኒት አታቋርጡ፤ በነጻ ነው የሚሰጠው። ጨርሳችሁም ቢሆን የተጎዳው ነርቭ እንዳለ ሊቀር ስለሚችል መስታወቱን ግድግዳው ላይ ተዉት።