ትልቅ የፍሬን ዲስክ ስትገጥሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የማውንቴን ባይክ የፍሬን ዲስክ በትልቅ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ዲስኩ አለ፣ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ከፍ የሚያደርገው አዳፕተር አለ፣ ብሎኖች አሉ፣ በቃ። ሰው የሚሳሳተው ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት፣ ዕቃ ሲገዛ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ የታመመ ፍሬን በትልቅ ዲስክ አይድንም። እጀታው ስትጨብጡት እስከ መሪው ድረስ የሚገባ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው፤ አየሩን አስወጡ። ሸራው ዘይት ጠጥቶ ከሆነም ሸራውን ቀይሩ። በእጃችሁ እኩል ጨብጣችሁ የዲስኩን ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት) ከ160 ሚሊሜትር ወደ 180 ብታሳድጉ የማቆም ጉልበቱ የሚጨምረው 12.5 በመቶ ነው። ደህና ጭማሪ ነው፣ ዲስኩም ሙቀቱን በተሻለ ይችላል፣ ግን ተአምር አትጠብቁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። 200 እና 203 አንድ አይደሉም! አንዳንድ አምራቾች 200 ይሠራሉ፣ ሌሎቹ 203፣ ሰው ደግሞ «3 ሚሊሜትር ምን ታመጣለች» ብሎ የአንዱን ዲስክ ከሌላው አዳፕተር ጋር ይገጥማል። ታመጣለች እንጂ። አዳፕተሩ ለ203 ሆኖ ዲስኩ 200 ከሆነ ካሊፐሩ 1.5 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ የሸራው የላይኛው ጠርዝም ከዲስኩ ውጭ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቃችሁም፣ ፍሬኑ ይይዛል። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ግን ያልተበላው ጠርዝ እንደ ከንፈር ወጥቶ ይቀራል፣ በመጨረሻ የሁለቱ ሸራዎች ከንፈር እርስ በርስ ይነካካና ፍሬኑ ይከዳችኋል። አንድ ልጅ «አዲስ ሲሆን ይይዝ ነበር፣ አሁን ምን ሆነ?» እያለ ዘይት ሁለቴ አስቀይሮ መጣ። ሸራዎቹን ሳወጣቸው ከንፈራቸው ተገጣጥሞ ነበር። በተቃራኒው ዲስኩ 203 ሆኖ አዳፕተሩ የ200 ከሆነ ደግሞ የዲስኩ ጫፍ ካሊፐሩን ሊፍቅ ይችላል፤ ይሄ እንኳ ፖስት ማውንት በሚባለው የካሊፐር አገጣጠም ላይ ከሥር 1.5 ሚሊሜትር ሮንዴላ በማስገባት ይስተካከላል። ስለዚህ ስትገዙ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ሻጩ «ይገጥማል» ስላለ አትመኑ፤ መግጠሙማ ይገጥማል።

ፎርካችሁ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የሚፈቅደውን ትልቁን የዲስክ መጠን ከአምራቹ አረጋግጡ። ቀላል የውድድር ፎርኮች ላይ ገደቡ 180 ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በላይ መግጠም የፎርኩ እግር ላይ ያልታሰበ ጫና ነው። ከኋላ ደግሞ ዲስኩ ፍሬሙን እንዳይነካ እዩ። አንዱን ብቻ የማሳደግ አቅም ካላችሁ የፊቱን አሳድጉ፤ ስታቆሙ ክብደቱ ወደ ፊት ነው የሚሄደው።

ብሎን! ከአዳፕተሩ ጋር የመጣውን ተጠቀሙ። ከዕቃ ሣጥን የተለቀመ አጭር ብሎን ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይይዝና የፎርኩን ጥርስ ልጦት ይወጣል። ያኔ የምትቀይሩት ብሎን ሳይሆን ፎርክ ሊሆን ይችላል።

የዲስኩ ውፍረትም ይለያያል፣ 1.8 ሚሊሜትር አለ፣ 2 አለ፣ 2.3 አለ። ሁሉም ካሊፐር 2.3ን አይቀበልም። ለሬዚን (ለስላሳው) ሸራ ብቻ የሚል ዲስክ ላይ ደግሞ የሜታል (ጠንካራውን) ሸራ አታስገቡ፣ ይበላዋል።

ዲስኩን በባዶ እጅ አትደባብሱት። ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። ካሊፐሩን መሃል ለማስያዝ ሁለቱን ብሎኖች አላሉ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ እንደጨበጣችሁ አጥብቁ።

ገጥሞ ቀጥታ ወደ ቁልቁለት የሚሮጥ ሰው አለ፣ ከዚያ «ዲስኩ ይጮኻል» ብሎ ይመጣል። አዲስ ዲስክ ከሸራው ጋር መለማመድ አለበት። ሜዳ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት እየነዳችሁ እርምጃ እስኪመስል ድረስ ቀስ አድርጉት፣ እንዲህ 20 ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን ብላችሁ ሌላ 10 ጊዜ። ጎማው አይቆለፍ፣ ሙሉ በሙሉም አትቁሙ፤ ዲስኩ እንደጋለ ፍሬን ይዛችሁ ከቆማችሁ የሸራው ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ይጣበቅና ከዚያ በኋላ ባቆማችሁ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።