ተርብ መስሎን የምናባርረው ዝንብ፦ ችግርና መፍትሄ

መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆም በሉ። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቃ ተባይ) ሲፈላ ብዙ ሰው ጠላቱንም ወዳጁንም አብሮ ይጨርሳል። ወዳጁ ኤፒሲርፈስ ባልቴአተስ የሚባል አንዣባቢ ዝንብ ነው።

ችግር፦ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው "ተርብ" አበባው ላይ ያንዣብባል።

ምክንያቱ፦ ተርብ አይደለም። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀጥ ብሎ ይቆምና ድንገት ወደ ጎን ይወረወራል። ሲያርፍ ጠጋ ብላችሁ ክንፉን ቁጠሩ። ያለው 2 ነው፤ ንብና ተርብ ግን 4 አላቸው። ዓይኑ ትልልቅ፣ ቀንዱ አጭር ነው። መናደፊያ የለውም፤ ተርብ መምሰሉ ወፎች እንዲፈሩት ነው።

መፍትሄ፦ ተዉት።

ችግር፦ ክሽክሹ መሃል እግር የሌለው፣ ውስጡ የሚታይ ትል አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትሉ ቅጠል አይበላም፤ የዚሁ ዝንብ እጭ ነው። እናቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ነጭ እንቁላል ክሽክሹ አጠገብ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ዓይን የለውም። ሹል አፉን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይዳብሳል። ክሽክሹን ሲያገኝ ወጋ አድርጎ ከቅጠሉ ያነሳዋል፣ ጭማቂውን መጦ ባዶ ቆዳውን ይጥላል። እስኪያድግ ድረስ እንዲህ አድርጎ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ይበላል። ስንቱ ግን ተባይ ተብሎ በጣት ተጨፍልቋል፣ ያሳዝናል።

መፍትሄ፦ አትንኩት፣ አትርጩበት። ይበልጡን የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ማታ በባትሪ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ።

ችግር፦ ዝንቡ ይመጣል፣ ክሽክሹ ግን አይቀንስም።

መጀመሪያ ጉንዳን ፈልጉ። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ እንደ እረኛ ይጠብቀዋል፣ እጩንም ያባርርበታል። ወደ ተክሉ የሚወጣበትን መንገድ ዝጉበት፤ ግንዱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር መጠቅለል ይበቃል። ጉንዳን ከሌለ ምግብ ጠፍቶ ይሆናል። ያደገው ዝንብ የአበባ ወለላና ብናኝ ነው የሚበላው፤ ሴቷ ያለ ብናኝ እንቁላሏን ማድረስ አትችልም። አፋቸው አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይመቻቸውም። እንስላልና ድንብላል እስኪያብቡ ተዉላቸው።

ችግር፦ የደረቀ ጠብታ የመሰለ ነገር ቅጠሉ ላይ ተጣብቋል።

በሽታ አይደለም። እጩ ውስጡ ሆኖ ወደ ዝንብነት እየተለወጠ ነው። አትላጡት። በአንዱ ጫፍ እንደ ክዳን ተከፍቶ ካገኛችሁት ዝንቡ ወጥቶ ሄዷል።