ዳሽቦርዱ ቁጥር ሲያጎድል ከየት እንጀምር?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሳይገባ በፊት ኪችን ካቢኔትና ቁምሳጥን ያሠራል። እኛም ቱሉ ዲምቱ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ የምንሠራው ይህንኑ ነው። ትዕዛዙን፣ ልኬቱን፣ ቀብዱንና ገጠማውን የምንከታተለው ኖሽን በሚባል የሥራ ማደራጃ አፕ ላይ ባዘጋጀሁት ዳሽቦርድ (ሥራውን ሁሉ በአንድ ገጽ በሚያሳይ ሰሌዳ) ነው። ዳሽቦርዱ ሲሳሳት ደንበኛው ልጆቹን ይዞ ካቢኔት የሌለው ቤት ይገባል። ስለዚህ ነገሩን አክብጄ ነው የማየው። እስካሁን ያጋጠመኝ ችግር ከሞላ ጎደል ሁሉ መነሻው ዳሽቦርዱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ነበር።

«11 ሥራ እያለን 7 ይላል»

ብዙ ያደከመኝ ይሄ ነው። ፊልተሩን (የትኞቹ ሥራዎች እንደሚታዩ የሚለየውን ማጣሪያ) ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት፤ ቁጥሩ ግን ያው። ምክንያቱ ፊደል ሆኖ ተገኘ። አንዳችን «ሥራ ላይ» ብለን እንጽፋለን፣ ሌላችን «ስራ ላይ»። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኖሽን ግን ሠ እና ሰ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። የሰፈር ስም ላይማ ይብሳል፤ «ኮዬ» እና «ኮየ» ሁለት ሰፈር ይሆናሉ።

ለማረጋገጥ ሠንጠረዡን በዚያ ኮለም ግሩፕ አድርጉት። አንድ መሆን የነበረበት ክምር ለሁለት ተከፍሎ ካያችሁ ነገሩ ፊደል ነው። መፍትሄው ኮለሙን ከቴክስት ወደ ሴሌክት መቀየር ነው። የተጻፉት ቃላት ሁሉ ምርጫ ሆነው ይደረደራሉ። የተሳሳተውን የያዙትን ረድፎች አንድ ላይ ምረጡና ወደ ትክክለኛው ቀይሯቸው። ከዚያ የተሳሳተውን ምርጫ ሰርዙት። ከዚህ በኋላ ማንም ከዝርዝሩ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም።

«ማስታወሻው ሌሊት ይጮሃል»

ደንበኛው «ጠዋት 3 ሰዓት ኑ» ይላል፤ የወርክሾፑ ልጅ 3:00 ብሎ ይመዘግባል። ለስልኩ ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ለጠዋቱ 3 ሰዓት 9:00፣ ለቀኑ 8 ሰዓት 14:00 ብላችሁ መዝግቡ፤ 6 መደመር ብቻ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ነው፤ ኦክቶበር 5 ብሎ የመዘገበ ሰው ሥራውን 10 ቀን አስቀድሞታል። እኛ ሁለት ኮለም አለን። አንዱ ደንበኛው የተናገረው የሐበሻ ቀን፣ በቴክስት። ሌላው የፈረንጁ፣ ኖሽን የሚያሰላበት። የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ ሲነካው መምታታቱ አይቀርም።

«ገጣሚው ጨርሻለሁ ብሏል፣ ዳሽቦርዱ ግን አያውቅም»

ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ዱፕሊኬት ተደርጎ ነው። ኮፒው ከዋናው ጋር አይነጋገርም። ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጠው ዋናውን የሚያሳይ ሊንክድ ቪው (ከዋናው ጋር የተያያዘ ማሳያ) መሆን አለበት። ኮፒው ላይ የተመዘገበውን ወደ ዋናው አዛውሩና ኮፒውን አጥፉ። ስታጠፉ ግን ተጠንቀቁ፦ ዋናውን ካጠፋችሁ ቪዎቹ ሁሉ ባዶ ይሆናሉ። ብትሳሳቱም ያጠፋችሁት ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል።

«እኔ ጋ ይታያል፣ እሱ ጋ አይታይም»

ፊልተሩን ቀይራችሁ ለሁሉም ሴቭ አላደረጋችሁም። ወይ ደግሞ የእሱ ቪው በስሙ የተመደበውን ብቻ ያሳያል፣ ሥራው ላይ ግን የማንም ስም አልተመደበም።

«ሳይት ላይ አይከፍትም»

መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ይደክማል፤ ገጣሚው ፎቅ ላይ ልኬቱን ማየት ያቅተዋል። መጀመሪያ ገጹን አቅልሉት። የቪዎቹን ቁጥር ቀንሱ፣ እያንዳንዱ 10 ረድፍ ብቻ እንዲያሳይ አድርጉ፣ የማያስፈልጉ ኮለሞችን ደብቁ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኖሽን ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ገጹ አስቀድሞ ኦፍላይን ተብሎ ከተመረጠ ነው። ከዳታቤዝ (ከሠንጠረዡ) ላይ ግን በራሱ የሚያወርደው የመጀመሪያውን ቪው የመጀመሪያ 50 ረድፎች ነው። ስለዚህ እኔ ከቪዎቹ ሁሉ አንደኛ አድርጌ ያስቀመጥሁት «የዛሬ ገጠማ» የሚለውን ነው። ልኬቱም ፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ እዚያው ረድፉ ውስጥ አለ። ልጆቹ ጠዋት ከወርክሾፕ ሳይወጡ አንድ ጊዜ ይከፍቱታል።