ግጥማችሁ ሲተች ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የግጥም ምሽት የሚያዘወትር ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ ወጣቱ አንብቦ ይጨርሳል፤ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ጋሼ «ሁለተኛው ስንኝ ያነክሳል» ይላሉ፤ ወጣቱም ማይክሮፎኑን ሳይለቅ ግጥሙን ማብራራት ይጀምራል። ብዙ ጥሩ ጀማሪ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ችሎታ አንሷቸው አይመስለኝም፤ ትችትን እንዴት እንደሚይዙት የነገራቸው የለም።

ለትችት ማብራሪያ መስጠት

ሁለት ስንኝ እንውሰድ፦

ክረምቱ ወጣ፣ ደመናው ሸሸ፣
ጎጆዬ ግን አሁንም እንደዘመመ ነው።

የመጀመሪያው ስንኝ አምስት በአምስት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር የድምፅ ምት) ነው፤ ሰንጎ መገን የምንለው ምጣኔ። ጆሮ ያንን ሰምቶ ሁለተኛውንም በዚያው ልክ ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን ልኩን ጥሶ ይረዝማል፣ ቤትም አይመታም። ጋሼ ያሉት ይህንኑ ነው። ጀማሪው «ነፃ ግጥም ነው» ወይም «ጎጆዬ ማለቴ እኮ ልቤን ነው» ብሎ ቢመልስ ምን ይጠቅመዋል? ወርቁን መተርጎም የሰሙን ስብራት አይጠግንም። ዝም ብሎ ቤቱ ገብቶ ጣቱን እያጠፈ ቢቆጥር ምናልባት እዚህ ይደርስ ነበር፦

ክረምቱ ወጣ፣ ደመናው ሸሸ፣
ጎጆዬ ብቻ ሳይቆም አመሸ።

ታላቅ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን «ሳይቆም አመሸ» የሚለውን ገጣሚው መጀመሪያ አላሰበውም፤ ልኩ አስገድዶ ያመጣለት ነው። በሁለቱ ስንኞች ውስጥ የእሱ ብቻ የሆነው ነገርም እሱ ነው። ልክን ሆን ብሎ መስበር የገጣሚ መብት መሆኑን አልክድም፤ ሰው ካየ በኋላ «ሆን ብዬ ነው» ማለት ግን ማምለጫ ነው።

ትችትን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን

«ልኩ ተሰብሯል» የሚል ሰውና «እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር የለም» የሚል ሰው የሚናገሩት ስለ ተለያየ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ ልማድ ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹ ኢትዮጵያዊነት ይጎድላቸዋል የሚል ወቀሳ ገጥሟቸው ነበር። ወቀሳው የቀረበበት ሰው ግን ሐረር የተወለደ፣ አባቱም የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ሰውና ቁስን አስመስሎ መሣልም ያውቅበታል፤ ስለዚህ ወደ ረቂቁ የሄደው መሣል አቅቶት ነው የሚል ሰው አፉን የሚከፍትበት ቀዳዳ አልነበረም። በያዘው መንገድ ቀጠለ፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። (ሽልማት ማንንም ትክክል አያደርግም፤ ቢሆንም ተቺዎቹን ዝም ሳያሰኝ አልቀረም።)

ሁሉንም አስተያየት ማስገባት

አንዱ «አሳጥረው»፣ ሌላው «ፍቅር ጨምርበት»፣ ሦስተኛው «መጨረሻው ያሳዝን» ይላል። ሦስቱንም ያስደሰተ ግጥም የማንም አይሆንም። የት ላይ እንደሰለቸው የሚነግራችሁን ሰው አድምጡ፤ ምትክ ቃል ሲያቀብላችሁ ግን አመስግናችሁ እለፉ።

ለዘመድ ብቻ ማንበብ

እናት ሁሌም «እጅህ ይባረክ» ነው የምትለው። ምርቃቱን ተቀበሉ፤ ትችቱን ግን ከሌላ ሰው ፈልጉ።

ሳይማሩ አዲስ ለመሆን መቸኮል

«የሰው ግጥም ካነበብኩ የራሴ ድምፅ ይጠፋብኛል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ላስታውሳቸው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ (ባለ ሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል፤ በመንገዱ የሊቃውንቱን ቅኔ እየሰማ ያጠናል። ራሱ የሚያቀርበው ግን አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ መሳቂያ ነው። ከሰው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል (አስቦ ያዘጋጃል)፣ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ሰዋስው የሳተበትን፣ ዜማው የጎደለበትን፣ ምስጢሩ ያልገጠመበትን በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፣ እንደገና ይታረማል። እዚያ መታረም እንደ ቁራሽ ልመናው ሁሉ የዕለት ሥራ ስለሆነ ተዋረድኩ ብሎ የሚያኮርፍ ተማሪ ብዙ አይቆይም።

በአማርኛውም ቢሆን «ጸጋዬ ቤት» የምንለው፣ ስምንት በስምንት የሚሄደው ምጣኔ፣ ነባሩን ልክ ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው የወጣው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በልጅነቱ ቅኔ ተምሯል።

የተተቸውን ቀዶ መጣል

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። በንዴት የተቀደደ ወረቀት ላይ ተቺው ያላስተዋለው አንድ ደህና ሐረግ ሊኖር ይችላል። ያነከሰውን ቅጂ ቀኑን ጽፋችሁ፣ የተባለውንም ከጎኑ አስፍራችሁ አስቀምጡት። ከወራት በኋላ ንዴቱ በርዶ ስታነቡት ተቺው ልክ የነበረበትና የተሳሳተበት ቦታ ለየብቻው ይታያችኋል። ግጥሙ በሙሉ ወድቆ አንድ ስንኝ ብቻ ቢተርፍ እንኳ ያችኑ ይዛችሁ ሌላ ግጥም ጀምሩ።