የሱፐርሂሮ ጌምና የዲጂታል ጡብ ሞዴል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የሱፐርሂሮ ጌም ሲያስቸግር ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት የሚጠየቀው «ጌሙ የወጣው መቼ ነው?» የሚለው ነው። በ1979 ለአታሪ 2600፣ ለድሮው የጌም ማሽን፣ የወጣው ሱፐርማን ከማሽኑ የሚፈልገው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የ2009ኙ ባትማን አርካም አሳይለም አዝራሩ በሰዓቱ እንዲጫን ይፈልጋል። የ2018ቱ ስፓይደርማን ደግሞ ለዲስኩ ዕረፍት አይሰጥም። ስለዚህ በአንዱ ጌም ላይ ጭራሽ የማይታይ ብልሽት በሌላው ያስመርራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የዲጂታል ጡብ ሞዴል የምንለው ደግሞ የሌጎ መጫወቻ ጡቦችን በኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚሠራውን ነው፤ እሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ስፓይደርማን ሲወነጨፍ ምስሉ ይቆማል፣ ሕንጻዎቹ ዘግይተው ይመጣሉ

ብዙ ጊዜ የሚታማው ግራፊክሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የዲስኩ ነው። ጌሙ የሚጫወትበት ፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ4) የጌሙን ከተማ ማንሃተንን በሙሉ በራም፣ ማለትም በፈጣኑ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ አይዝም፤ ተጫዋቹ በሄደ ቁጥር የሚቀጥለውን ሰፈር ከዲስኩ እየጠራ ያለፈውን ይጥላል። ዲስኩ በደቂቃ 5400 ዙር የሚዞር ነው። ፈልጎ እስኪያገኝ እንዳይዘገይ ሲባል እንደ ፖስታ ሣጥን ያሉ የመንገድ ዕቃዎች 400 ጊዜ ያህል ተደጋግመው ተጽፈውበታል፤ ይህን በ2020 ያብራራው የፕሌይስቴሽን 5ን ንድፍ የመራው ማርክ ሰርኒ ነው። እንዲህ ተለፍቶበትም ዲስኩ ካረጀ ወይም መብራት እየቆረጠ ከጎዳው ጌሙ መንተፋተፉ አይቀርም።

መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ማለትም ማሽኑ ዲስኩ ላይ ያለውን የሚያውቅበትን መዝገብ፣ አስተካክሉ። ማሽኑን ጨርሳችሁ አጥፉ፤ ማሽኑን የሚያስተኛው ሬስት ሞድ አይበቃም። ከዚያ ማብሪያውን ተጭናችሁ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ፣ 7 ሰከንድ ያህል፣ ያዙት። ጆይስቲኩን በኬብል አገናኙና ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን ምርጫ ክፈቱ። ይህ ጌምም ሆነ ሴቭ (የደረሳችሁበትን የሚይዘውን ፋይል) አያጠፋም። 6ኛውና 7ኛው ግን ሁሉንም ጠርገው ይወስዳሉ፤ ጣታችሁ እንዳይስት።

ካልተሻለው ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ፣ ቀይሩ። መጠኑ 2.5 ኢንች፣ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ማያያዣው ሳታ ይሁን። ከመፍታታችሁ በፊት ሴቮቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው፦ ባዶ ዲስክ ላይ የሚጫነው 1 ጊጋባይት አካባቢ የሆነው የማሽኑ ሲስተም ሙሉ ፋይል ነው። ትንሹ ማዘመኛ አዲስ ዲስክ ላይ አይሠራም።

መንዝ ላይ ጌም ቤት ለሚከፍት ደግሞ ኤስኤስዲ የግድ ነው ባይ ነን። የሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት በቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው የሚሠራው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደሚሽከረከረው ሳህን ይጠጋል። አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እስከ 3048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ናቸው። የመንዙ ጓሳ ግን ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በዚህ በኩል አትሰጉ።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) አስገቡ። ፒኤስ4 ስሊም ቢበዛ 165 ዋት ይወስዳል፤ 60 ዋት ቴሌቪዥን ቢጨመርበትም 650 ቪኤ (ቮልት-አምፒር) የሚል ዩፒኤስ ይበቃዋል። ዩፒኤሱ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ነው እንጂ ግጥሚያ ለመጨረስ አይደለም።

ፋኑ ይጮሃል፣ ከዚያ ማሽኑ በራሱ ይጠፋል

ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ መንገዱ ግን ሁለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ከባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በአንድ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ይሞቃል። ፒኤስ4 የተሠራው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ላለ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሰው ሲሞላ 35 ለማለፍ ጊዜ አይፈጅበትም።

ማሽኑን ከሣጥን አውጡት፤ ከኋላውና ከጎኑ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ተዉለት። አቧራውን ለማጽዳት መሐሉ ቀዳዳ ያለው ቲ8 ወይም ቲ9 ኮከብ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ርካሽ ይመስላል፤ ያ አየር ግን ውሃና ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። ፋኑን በጣት ይዞ ለስላሳ ብሩሽ መጠቀም ይሻላል። ከጸዳ በኋላም ከጮኸ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ደርቋል፤ አሮጌውን በአልኮል ጠርጋችሁ አዲሱን በስሱ ቀቡ። ፔስት ሲበዛ አይበርድም።

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ውጭ ያደረ ወይም በመኪና የመጣ ማሽን ሞቃት ክፍል እንደገባ አይከፈት። ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ባትማን መመከት እያለበት ይደበደባል

ተጫዋቹ «ቀድሜ ተጭኛለሁ» ካለ እመኑት። ከአርካም አሳይለም ወዲህ የድብድቡ መሠረት በጠላት ራስ ላይ ምልክት ሲታይ ወዲያው መመከት ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲያቆየው ምልክቱ ዘግይቶ ይታያል፤ እጁ ልክ ነው፣ ዓይኑ የሚያየው ግን ያለፈውን ነው። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን ክፈቱ። እሱ ከሌለ የእንቅስቃሴ ማለስለሻና የጥራት ማሻሻያ የተባሉትን ሁሉ ዝጉ።

ካሜራው ማንም ሳይነካው ይዞራል

የጆይስቲኩ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር፣ ማለትም የዱላውን አቅጣጫ የሚለካው ክፍል፣ ተበልቷል ወይም ቆሽሿል። መጀመሪያ ከኤል2 አዝራር አጠገብ በጀርባው በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ለ5 ሰከንድ ተጫኑና በኬብል እንደገና አገናኙ። ካልሠራ አራቱን ብሎኖች ፈትታችሁ የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ፤ በአናሎጉ ጎን ባሉት ሁለት አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሣጥኖች ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርጋችሁ አናሎጉን ደጋግማችሁ አዙሩ። ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ አናሎጉን መቀየር ነው። 14 እግር ስላለው መበየድ ያልለመደ ሰው ቦርዱን ያበላሻል፤ ለባለሙያ ስጡት።

ኮምፒውተር ላይ ጌሙ ሌላ ነው

የ2004ቱ ስፓይደርማን 2 በፒኤስ2 ዝነኛ የሆነው ድሩ ከሕንጻ ላይ ስለሚያያዝና ከተማው ክፍት ስለሆነ ነው። የኮምፒውተሩ ቅጂ ግን በሌላ ስቱዲዮ ለልጆች ቀለል ተደርጎ የተሠራ የተለየ ጌም ነው። የተበላሸ ነገር የለም፤ በማስተካከያም አይለወጥም። የ2015ቱ አርካም ናይት ደግሞ ለኮምፒውተር በወጣ በቀናት ውስጥ ከሽያጭ ተነሥቶ የተመለሰው በጥቅምት ነበር። እጅ በእጅ የሚዞረው የመጀመሪያው ቅጂ ከሆነ ራም ብትጨምሩም አይለሰልስም፤ ዝመናው መውረድ አለበት።

ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ትልቅ ፋይል አልገለብጥም ካለ ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አስቀምጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

የዲጂታል ጡብ ሞዴል፦ አሮጌው ፋይል አይከፈትም

ሌጎ ዲጂታል ዲዛይነር የተባለው የጡብ መገጣጠሚያ ፕሮግራም ድጋፉ በ2022 መጀመሪያ ተቋርጧል። ፋይሉን ብሪክሊንክ ስቱዲዮ በተባለው ፕሮግራም አስገቡት፤ የማይታወቅ ጡብ ካለ ይቀራልና ከድሮው ምስል ጋር አመሳክሩ። ስቱዲዮ 64 ቢት ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተርም ይንቀራፈፋል። ለእንደዚህ ያለ ማሽን ነፃውና ቀላሉ ፕሮግራም ሊዮካድ ይሻላል።

የጀግናው ደረት ላይ ያለው ዓርማ ክፍተት ያሳያል

ይህ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግር ነው። ጡብ በጎን ሲገጠም ቁመቱ የወርድ ቦታ ይይዛል፤ ሁለቱ ደግሞ እኩል አይደሉም። ከአንዱ ጉብታ (በጡቡ አናት ብቅ ካለው ክብ) መሐል እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊሜትር፣ የጡቡ ቁመት 9.6፣ የሳህኑ (የስሱ ጡብ) ቁመት 3.2 ነው። ሦስት ሳህን አንድ ጡብ ይሆናል፤ ሁለት ጉብታ የሚሞላው ግን አምስት ሳህን ነው፣ 16 ሚሊሜትር። ስለዚህ በጎን የሚለጠፍ ዓርማ በጡብ ብቻ ሳይሆን በአምስት በአምስት ሳህን ይቆጠር። በዓይን አስጠግቶ ክፍተቱን መድፈን ስክሪን ላይ ያምራል፤ በእውነተኛ ጡብ ሲሠራ አይገጥምም።

መብራት ሄዶ ሞዴሉ ተበላሸ

በ1995 አውስትራሊያዊው ጄምስ ጀሲማን የጀመረው የጡብ ሞዴል ፕሮግራም ኤልድሮው ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ በኖትፓድ ሊታከም ይችላል። በ1 የሚጀምር እያንዳንዱ መስመር አንድ ጡብ ነው፤ 15 ክፍል አለው፦ 1፣ የቀለም ቁጥር፣ ሦስት የቦታ ቁጥሮች፣ ዘጠኝ የማዞሪያ ቁጥሮች፣ በመጨረሻ የጡቡ ፋይል ስም። የተለመደው 2 በ4 ጡብ 3001 ነው። የመጨረሻው መስመር 15 ክፍል ካልሞላ ተቆርጧል፤ ያንን መስመር ብቻ አጥፍታችሁ አስቀምጡ።

ተንሳፎ የቀረ ጡብም በዚያው ይስተካከላል። በኤልድሮው መለኪያ ከጉብታ ጉብታ 20፣ የጡብ ቁመት 24፣ የሳህን ቁመት 8 ነው። የከፍታው ቁጥር በመስመሩ 4ኛ ሲሆን አቅጣጫው የተገለበጠ ነው፦ ጡቡን አንድ ሳህን ዝቅ ለማድረግ 8 ትደምራላችሁ፣ ለማንሳት 8 ትቀንሳላችሁ። ፋይሉ ሲከፈት ምንም የሚነበብ ነገር ከሌለው ግን አይተርፍም፤ በየ10 ደቂቃው በአዲስ ስም ካስቀመጣችሁት የቅርቡን ፈልጉ።