የቢሮ ኢሜይልና የአድራሻ ደብተር በኔትወርክ ሲጋሩ፦ ችግርና መፍትሄ

የኢሜይል ፕሮግራሙን ፋይሎች የጋራ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ ሁሉም ከዚያ እንዲከፍት ማድረግ ቀላል ይመስላል። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ለሁለት ቀን ሠራ።

ምልክት፦ የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድ «ቀድሞ ተከፍቷል» ብሎ አልነሳ ይላል።
ምክንያት፦ ፕሮፋይሉ (ፕሮግራሙ መልእክት፣ አድራሻና ቅንብር የሚያስቀምጥበት ፎልደር) በአንድ ጊዜ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተሠራ ነው። ቀድሞ የከፈተው ሰው ይቆልፈዋል። የመቆለፊያውን ፋይል አጥፍተው የሚገቡ አሉ፤ አያድርጉት። ሁለት ኮምፒውተር አንድ ፋይል ላይ ሲጽፍ መልእክቱ ይበላሻል። የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክም አይሻልም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ፒኤስቲ ፋይልን (አውትሉክ መልእክት የሚያስቀምጥበትን) ኔትወርክ ላይ አኑሮ መሥራትን አይደግፍም።
መፍትሄ፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ዲስክ ላይ የራሱ ፕሮፋይል ይኑረው። የጋራ የሚሆነው ሰርቨሩ (የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር) ላይ ያለው የመልእክት ሳጥን ነው።

ምልክት፦ ጠዋት ጸሐፊዋ ያነበበችው መልእክት ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ሹሙ ዘንድ የለም።
ምክንያት፦ አካውንቱ የተከፈተው ፖፕ 3 በተባለው የመቀበያ ዘዴ ነው። እንዲያቆይ ካልታዘዘ መልእክቱን አውርዶ ከሰርቨሩ ያጠፋል።
መፍትሄ፦ አይማፕ (መልእክቱን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ለሁሉም የሚያሳይ ዘዴ)፣ ፖርት (የመገናኛ በር ቁጥር) 993። ተንደርበርድ የነበረውን አካውንት ወደ አይማፕ ስለማይቀይር አዲስ ይጨምሩ። የድሮዎቹን መልእክቶች ወደ አዲሱ ይቅዱ፤ ሰርቨሩ ላይ መድረሳቸውን ከሌላ ኮምፒውተር ሳያዩ የቀድሞውን አካውንት አይሰርዙ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ የሦስት ወር ደብዳቤ አጥቻለሁ።

ምልክት፦ መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል፤ አድራሻው ግን የየራስ ሆኖ ቀርቷል።
ምክንያት፦ አይማፕ የሚያመጣው መልእክት ብቻ ነው። የአድራሻ ደብተሩ ፕሮፋይሉ ውስጥ ይቀራል።
መፍትሄ፦ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው ካርድዳቭ (አድራሻን በሰርቨር በኩል የሚያጋራ ዘዴ) ካለው ያንን ይጠቀሙ፤ አንዱ ያረመውን ስልክ ሌላውም ያየዋል። ኤልዳፕ (ማዕከላዊ የአድራሻ ማውጫ) ለትልቅ መሥሪያ ቤት ጥሩ ነው፤ ተንደርበርድ ግን ከእሱ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ሁለቱም ከሌሉ ዋናውን ደብተር አንድ ሰው ይያዝ፤ ሌሎቹ ከእሱ በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለያየ የጽሑፍ ሰንጠረዥ ፋይል) ይውሰዱ። አዲሱን ከማስገባት በፊት የቀድሞው ዝርዝር ካልጠፋ ስሙ ሁሉ መንታ ይሆናል።

ምልክት፦ የአማርኛ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆኑ።
ምክንያት፦ ኤክሴል በተለመደው የሲኤስቪ ዓይነት ሲያስቀምጥ ፊደሉን ጥሎታል። ያ ፋይል አይድንም፤ ወደ ዋናው ተመልሰው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብለው ያስቀምጡ (ዩቲኤፍ-8 የአማርኛን ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ ነው)። የጥያቄ ምልክት ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ግን ፋይሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሲያስገቡ ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ።

እግረ መንገድዎን «አቶ» የሚለውን ከስም ሳጥኑ ያውጡት። አለበለዚያ የደንበኛው ግማሽ «አ» ሥር ተሰልፎ ያገኙታል።