ጆሮ ሲጮህ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ «ጆሮዬ ጭው ይልብኛል» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው «ወደዚህ ከመምጣትዎ በፊት ጆሮዎ ውስጥ ምን ጨመሩበት?» ብዬ ነው። «ምንም» የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው። አንዱ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ሌላው የሞቀ ዘይት፣ ሌላው የነጭ ሽንኩርት ውሃ ጨምሮበታል፤ በፀጉር ሽቦና በቁልፍ ጫፍ የጎረጎረውማ ብዙ ነው። አንድ በርጩማ የሚሠራ ወጣት ጩኸቱን ለማውጣት በክብሪት እንጨት ሲጎረጉር ታምቡሩን በስቶት መጣ። ጩኸቱ አልወጣለትም፤ መግልና ሕመም ግን ተጨመረበት።

የጆሮ ጩኸት ከውጭ ገብቶ የተቀመጠ ነገር አይደለምና ተጠርጎም ሆነ ታጥቦ አይወጣም። ከታምቡሩ በስተኋላ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት በኃይለኛ ድምፅ፣ በዕድሜ ወይም በአንዳንድ መድኃኒቶች ከሞቱ ዳግመኛ አይተኩም። በሰፊው ተቀባይነት ባለው ማብራሪያ መሠረት፣ አንጎል የቀነሰበትን መልእክት ለማካካስ የራሱን የመቀበል አቅም ከፍ ያደርጋል፤ ጣቢያው የጠፋበት ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመር እንደሚንሾካሾከው ሁሉ፣ በውጭ የሌለ ድምፅ መሰማት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ታምቡሩ ደህና ከሆነ ዘይቱ እዚያ አይደርስም፤ ከተቀደደ ደግሞ ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። በልጅነታቸው ጆሯቸው ይመግል ከነበሩት መካከል ታምቡራቸው ቀዳዳ እንዳለው ሳያውቁ የሚኖሩ አሉ። እርግጥ የተጠቀጠቀ ኩክም ጆሮን ሊያስጮህ ይችላል። እርሱን ግን በመሣሪያ እያየ የሚያወጣ ባለሙያ ያውጣው፤ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት አብዛኛውን ኩክ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።

ከልብ የሚያሳዝነኝ ስህተት ደግሞ ጸጥታን መሸሸጊያ ማድረግ ነው። ዕድሜያቸውን በጀንፈል ቡና መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ያሳለፉ አንድ አባት፣ ጩኸቱን ያመጣባቸው የጅማው መርካቶ ሁካታና የባጃጁ ድምፅ መስሏቸው፣ በከተማው ዳርቻ ወዳለው ጅረን ወጣ ብሎ ሰው ወደማይበዛበት ቤት ተዛወሩ። እዚያ ሌሊቱ ጭር ሲል ባሰባቸው። «ልጄ፣ ክረምት ላይ እኮ ደህና እተኛለሁ፤ የሚነሣብኝ በጋ ነው፤ ደረቁ አየር ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ደረቁ አየር አልነበረም። የጅማ ዝናብ ሌሊቱን ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንጎላቸው ከጩኸቱ ሌላ የሚያዳምጠው ነገር ያገኛል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጩኸቱ ብቻውን ይቀራል። ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ ጆሯቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል ሲያስቀምጡ 94 በመቶው የሆነ ድምፅ እንደሰሙ ተናግረዋል። ፍጹም ጸጥታ ደህናውን ጆሮ እንኳ ድምፅ የሚያሰማው ከሆነ የተጎዳውን እንዴት ያሳርፈዋል? ስለዚህ ማታ ሬዲዮን ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መክፈት ይሻላል። ጩኸቱን ለመዋጥ ማዳመጫ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጫፍ መክፈት ግን የቀሩትንም ሕዋሳት መጉዳት ነው።

በቡና መፈልፈያ፣ በወፍጮ ቤትና በብረታ ብረት ሥራ የምትውሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «ጆሮዬ ለምዶታል» አትበሉ። ጆሮ የማሽን ጩኸትን አይለምድም፤ እየደነዘዘ ይሄዳል እንጂ። በ85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ የሚመከረው የቀን ጣሪያ 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳልና 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ይሁን እንጂ መከላከያውን በሰላሙ ሰፈር ቀኑን ሙሉ ሰክቶ መዋልም ጆሮን ለትንሹ ድምፅ ጭምር ስስ ያደርገዋል።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ነው። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት መርፌዎች፣ ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒት፣ በብዛት የተወሰደ አስፒሪን ጆሮን ሊያስጮሁ ይችላሉ። የታዘዘላችሁን በራሳችሁ ሳታቋርጡ ለሐኪሙ ንገሩ።

መዘግየት የማይገባበት ሁኔታም አለ። አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ድንገት መስማት ከቀነሰ፣ ጩኸት ኖረም አልኖረም፣ አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው፤ ብግነትን በሚቀንሱ ስቴሮይድ በተባሉ መድኃኒቶች የሚሰጠው ሕክምና ብዙ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢበዛ በ2 ሳምንት ውስጥ ከተጀመረ ነው። አንዲት መምህርት «ጉንፋን ደፍኖት ነው» ብላ ወር ቆይታ መጣች፤ የዚያ ጆሮዋ መስማት አልተመለሰም፤ እኔም ያን ቀን የምላት አጣሁ። ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ወይም የማዞር ስሜት ያለበት ከሆነም ሳይመረመር አይቆይ።

የመጨረሻው ስህተት የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው፤ እኔም ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። «መድኃኒት የለውም፤ ይልመዱት» ብዬ ካርዱን እመልስ ነበር። ጩኸቱን የሚያጠፋ ክኒን እንደሌለ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተስፋ ቆርጦ የወጣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጩኸቱን ሲጠብቅ ያድራል፤ ፍርሃቱ ጩኸቱን ያጎላዋል፣ የጎላው ጩኸት ደግሞ እንቅልፉን ይነሳዋል። የመስማት ምርመራ ተደርጎለት መስማቱ የቀነሰ ሆኖ ከተገኘ የመስሚያ መሣሪያ ጩኸቱንም ሊያቀልለት ይችላል፤ ስለ ጩኸቱ ያለውን አስተሳሰብ የሚያስተካክል የሥነ ልቦና ሕክምናም ጭንቀቱን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሁለቱም በቅርብ ባይገኙ እንኳ፣ ሰውየውን አስቀምጦ የጆሮን ሥዕል እያሳዩ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማስረዳት ከማንም ባለሙያ አቅም በላይ አይደለም።

ለእኒያ አባትም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ከምርመራው በኋላ ሥዕሉን አሳየኋቸው፣ ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን ዝቅ አድርገው እንዲከፍቱም ነገርኳቸው። በሚቀጥለው በጋ ለክትትል ሲመጡ ጩኸቱ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «አለ፤ አሁን ስትጠይቀኝ ሰማሁት» አሉኝ።